ወለም ሲል የት ይኬዳል? ወጌሻ፣ ራጅ፣ ፊዚዮቴራፒና ሌሎች ምርጫዎች

እግሩ ወለም ያለው ሰው ከሕመሙ ሌላ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ምክር ይበዛበታል። አንዱ «ሳብ አድርጉለት» ይላል። አንዱ በረዶ ፍለጋ ሱቅ ይሮጣል። አንዷ ሰፈር ውስጥ የታወቀ ወጌሻ እንዳለ ትናገራለች። ሌላው «ራጅ ሳይነሳ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ይቆጣል። ሁሉም አዝነው ነው የሚናገሩት። የተጎዳው ሰው ግን ግራ ይገባውና መጨረሻ ላይ ድምፁ ከፍ ያለውን ይሰማል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ሰዓት ነው። የማወዳድረው እኛ ዘንድ ያሉትን ምርጫዎች ነው፦ ወጌሻን ከሐኪም ቤት፣ ራጅን ከኤምአርአይ፣ በረዶን ከሙቀት፣ ጄሶን ከፋሻ፣ ክኒንን ከቅባትና ከመርፌ፣ ቀዶ ጥገናን ከፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ ከሚሰጥ ሕክምና)። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በመጀመሪያው ቀን አጥንቱንና የደም ዝውውሩን ማጣራት ያስፈልጋል። ያ ከተጣራ በኋላ ጊዜም ገንዘብም መዋል ያለበት የተጎዳውን አካል መልሶ በማሠራት ላይ ነው። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን እናደርጋለን። ማጣራቱን እንዘለውና ሳምንታቱን በመተኛትና በመርፌ እናሳልፋለን።

ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለቁርጭምጭሚት ነው። በብዛት ያጋጥማል፣ እንደ ቀላል ይታያል፣ በደንብ ካልታከመ ደግሞ ደጋግሞ ወለም ማለት ያመጣል።

ተሰብሯል ወይስ ወለም ብሎ ነው?

ወለምታ ላይ የተጎዳው አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ነው። ተለጥጧል፣ በከፊል ተቀዷል ወይም ጨርሶ ተበጥሷል። ውልቃት ላይ አጥንቱ ራሱ ከመገጣጠሚያው ወጥቷል። ስብራቱን ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ ሦስቱም ያብጣሉ፣ ሦስቱም ይጠቁራሉ፣ ሦስቱም ያስጮኻሉ። ስለዚህ የእብጠቱን ትልቅነት አይቶ መፍረድ አይቻልም። «ቀጭ» የሚል ድምፅ መሰማቱም ስብራት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጅማት ሲበጠስም ይሰማል።

የሚረዳው ሕመሙ የቱ ጋ እንደሆነ መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ኦታዋ ከተማ ኢያን ስቲል የተባሉ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዚህ የሚሆን ቀላል መመዘኛ አወጡ። ዓላማው ራጅ የሚያስፈልገውን ሰው ከማያስፈልገው መለየት ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተፈትሿል። የተሰበረን ሰው «ደህና ነህ» ብሎ የሚሸኘው በጣም በጥቂት አጋጣሚ ብቻ ነው። ማሽን አይጠይቅም፤ ጣት ይበቃል።

ጫማና ካልሲ ይውለቅ። በቁርጭምጭሚቱ የውጭ በኩል ጎላ ብሎ የወጣውን አጥንት ፈልጉ። ከታችኛው ጫፉ ጀምራችሁ በኋለኛው ጠርዙ በኩል ወደ ላይ ሦስት አራት ጣት ያህል እየተጫናችሁ ሂዱ። ዳሰስ ማድረግ አይበቃም፤ የእናንተ ጥፍር ነጣ እስኪል ድረስ ጫን አድርጉት። በውስጥ በኩል ያለውንም አጥንት እንዲሁ አድርጉ። ቀጥሎ በእግሩ የውጭ ጎን፣ ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ስትሄዱ እኩሌታው ላይ የሚጎረብጥ አጥንት ታገኛላችሁ። እሱንም ጫኑት። በመጨረሻ በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ዝቅ ብሎ ያለውን አጥንት ሞክሩ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ አጥንቱ ራሱ ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። እንደተጎዳም አሁንም፣ እያነከሰ እንኳ 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለም እንደዚያው።

ሕመሙ ከውጭው አጥንት ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ታች፣ ለስላሳው ቦታ ላይ ከሆነስ? 4 እርምጃውንም ከተራመደ፣ የተጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ጅማቱ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚለጠጠው እዚያ ያለው ጅማት ነው። በዚህ ጊዜ ለራጅ ወረፋ መያዝ አያስፈልግም። መመዘኛው የማይሠራላቸውን ሰዎች ግን መጨረሻ ላይ አነሳቸዋለሁ።

ወጌሻ ወይስ ሐኪም ቤት?

ወጌሻ ጋ የሚሄደው ያልተማረ ሰው ነው ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። ወጌሻ ቅርብ ነው። ወረፋ የለውም። ክፍያው ይቻላል። ቤተሰቡን በስም ያውቃል። ገጠር ውስጥ ራጅ ያለበት ሆስፒታል ለመድረስ ታማሚውን ተሸክሞ መንገድ ዳር ማውጣትና መኪና መለመን ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያ ላይ «ሐኪም ቤት ከሄድክ እግርህን ይቆርጡታል» የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ ዝም ብሎ አልመጣም። ሰው ዘግይቶ ሲደርስ ለሐኪሙ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጎረቤት ግን የሚያየው መቆረጡን እንጂ መዘግየቱን አይደለም።

ቀላል ወለምታ ከሆነ ወጌሻው ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ሰውየው ይድናል። የሚያድነው ግን ጅማቱ በራሱ ጊዜ መጠገኑ ነው። እኔን የሚያስፈሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥብቆ ማሸት ነው። ገና እየደማ ያለ ቦታ ሲታሽ ደሙም እብጠቱም ይጨምራል። በተለይ ጭን ላይ በርግጫ ተመትቶ ውስጥ ለውስጥ ደም የቋጠረ ጡንቻ መታሸት የለበትም። ከታሸ እዚያው ጡንቻው ውስጥ አጥንት የመሰለ ነገር ሊበቅል ይችላል፤ ያ ደግሞ ለወራት ጉልበት ማጠፍ ይከለክላል። ያልታወቀ ስብራት ካለም ማሸቱ ቦታውን ያስለቅቀዋል።

ሁለተኛው በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጠፍንጎ ማሰር ነው። የተጎዳ እጅ ወይም እግር ለሁለት ሦስት ቀን ማበጡን ይቀጥላል። ማሰሪያው ግን አብሮ አይሰፋም። ግፊቱ ውስጥ ለውስጥ ይጨምርና ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቅተዋል። ደም ያጣ ጡንቻና ነርቭ ቀናት አይጠብቅም። 6 ሰዓት ገደማ ካለፈ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። በሆስፒታሎቻችን ጋንግሪን (ደም ያጣ ሥጋ መሞት) ገብቶባቸው እጅ እግራቸውን ካጡ ሰዎች መካከል እንዲህ የታሰሩ ብዙ ናቸው፤ ልጆችም አሉባቸው። መጀመሪያ የነበራቸው ጉዳት በጥቂት ሳምንታት የሚድን ስብራት፣ አንዳንዴም ወለምታ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ይህን ክፍል ያረዘምኩት።

ሐኪም ቤት የታሰረ ጄሶም ከጠበቀ ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ማንም ይሰረው፣ ጣቶቹ ከማሰሪያው ውጭ ይታዩ። የአንዱን ጣት ጥፍር ጫኑና ልቀቁት። ነጭ ይሆንና በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ መመለስ አለበት። ቀለሙ መመለሱ ብቻውን ግን አያዘናጋችሁ። ቀድሞ የሚመጣው ምልክት ሕመም ነው፤ ማስታገሻ የማይመልሰው፣ ሰዓት በሄደ ቁጥር የሚብስ። ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጓቸው ያስጮኸዋል። መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣትና ጣት ማንቀሳቀስ አለመቻል ኋላ ይከተላሉ። እነሱን መጠበቅ ማለት መዘግየት ማለት ነው። ሕመሙ እንዲህ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን የእንጨት ማሰሪያው ይፈታ፣ ሰውየውም ወዲያው ሆስፒታል ይግባ። ጄሶ ከሆነ እዚያው ይሰነጥቁታል። «ትንሽ ይቻለው፣ እስኪጠግን ያመዋል» ተብሎ የታለፈ ሌሊት ነው እግር የሚያስቆርጠው።

ወጌሻዎችን በማሳደድ ይህ አይቀርም። ከኢትዮጵያ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ለወጌሻዎች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በጋንግሪን የሚመጣው መቆረጥ መቀነሱን አሳይቷል። ይሄ መንገድ ሊስፋፋ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ምርጫው እንዲህ ነው። ከላይ ያለውን የጣት ምርመራ ያለፈ ወለምታ ቤት ውስጥ ይታከማል። አጥንት ላይ የሚያም፣ ቅርጹ የተጣመመ ወይም መቆም የከለከለ ጉዳት ሐኪም ቤት ይሄዳል። ቆዳው ተቀዶ አጥንት የታየበት ስብራት ደግሞ አማራጭ የለውም። ቴታነስ መከላከያና አንቲባዮቲክ በሰዓታት ውስጥ ይፈልጋል፣ ቀዶ ሕክምናም ይጠብቀዋል። ቤተሰብ በወጌሻ ካመነና ወጌሻ ጋ መሄድ የግድ ከሆነ፣ ከራጅ በኋላ ይሁን፤ ማሸትና ማጥበቅም አይኑር።

ትከሻ ሲወልቅ ሜዳ ላይ መሳብ በፍጹም አይገባም። አብሮት የተሰበረ ነገር ሊኖር ይችላል፤ በዚያ የሚያልፈው ነርቭና የደም ሥርም ይጎዳል። ክንዱን በነጠላ ወይም በሻሽ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ሐኪም ቤት ማድረስ ይበቃል። እዚያ በማስታገሻ ይመልሱታል። በወጣትነቱ አንዴ የወለቀ ትከሻ ደግሞ የመውለቅ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ ከተመለሰ በኋላ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ይፈልጋል።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ለወለምታ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ሂሳቡ ይከብዳል። «አርጀንት ኬር» የሚባሉት ክሊኒኮች አብዛኞቹ ራጅ አላቸው። ፊዚዮቴራፒስት ዘንድም በሁሉም ግዛቶች፣ ደንቡ ቢለያይም፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ መታየት ይቻላል። ኢንሹራንሱ ይከፍል እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ራጅ፣ አልትራሳውንድ ወይስ ኤምአርአይ?

ራጅ አጥንት ያሳያል። ጅማትና ጡንቻ አያሳይም። ራጁ ንጹሕ መሆኑ «ምንም የለህም» ማለት አይደለም። ጨርሶ የተበጠሰ ጅማት ያለው ሰውም ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

አልትራሳውንድ ለጡንቻ መቀደድ፣ ለተረከዝ ጅማትና ለትከሻ ጅማቶች ጥሩ ነው። ከኤምአርአይ በብዙ ይረክሳል፤ ብቃቱ ግን በሚያየው ባለሙያ እጅ ላይ የተመሠረተ ነው። ኤምአርአይ ሁሉንም ያሳያል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ በተደረገ ጥናት፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ጉልበት በኤምአርአይ ታየ። የጉልበታቸው ሜኒስከስ፣ ማለትም በጉልበት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ለስላሳ አካል፣ ተቀዶ ከተገኘባቸው ሰዎች 61 በመቶው ባለፈው ወር ምንም ሕመም አልነበራቸውም። ማሽኑ ያገኘው መቀደድ የሕመሙ ምክንያት ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ኤምአርአይ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሙን «ውጤቱ ሕክምናውን ይቀይረዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ለማንኛውም ፊዚዮቴራፒ ነው» ከሆነ ገንዘቡን ለፊዚዮቴራፒው አድርጉት። ጉልበት ሲሄዱበት የሚከዳ ወይም ታጥፎ የሚቆለፍ ከሆነ፣ ወይም ቀዶ ጥገና የታሰበ ከሆነ ግን ኤምአርአዩ ዋጋውን ያወጣል።

በረዶ ወይስ ሙቀት? መተኛት ወይስ መንቀሳቀስ?

እረፍት፣ በረዶ፣ ፋሻና እግርን ከፍ ማድረግ የሚለው ምክር በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ጌብ ሚርኪን በተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም አማካይነት ነው። እኚሁ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶና ፍጹም እረፍት መዳንን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብለው ምክራቸውን አሻሽለዋል። ማበጥና መቅላት ሰውነት የጥገና ሥራ መጀመሩን የሚያሳይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ማፈን አያስፈልግም።

በረዶ ሕመም ያስታግሳል። ጥቅሙ እሱ ነው፤ ጅማት አይጠግንም። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሲያም በጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መያዝ ይቻላል። ቆዳ ላይ በቀጥታ አይደረግም። በረዶ ካልተገኘ ቀዝቃዛ ውሃ የነካው ፎጣም ይሠራል። የሞቀ የጨው ውሃ፣ የሚያቃጥል ቅባትና የሞቀ ቅቤ በነዚህ 2 ቀናት ይቆዩ፤ እብጠቱን ያባብሳሉ። ከዚያ በኋላ እብጠቱ ሲቀንስ ሙቀት የተጨማደደ ጡንቻን ያፍታታል፣ ከእንቅስቃሴ በፊትም ያሟሙቃል።

ፋሻ ከጣት በኩል ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ሲተኙ ይላላል። እግሩ ትራስ ላይ ከልብ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ጄሶ ወይስ ፋሻ? ለቀላልና ለመካከለኛ ወለምታ ጄሶ አያስፈልግም። በጣም ለባሰው፣ መቆም ለሚከለክለው ወለምታ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ከእንግሊዝ የወጣ ጥናት ትምህርት ይሰጣል። 584 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከጉልበት በታች ለ10 ቀን ጄሶ የታሰሩት በ3ኛው ወር ላይ በላስቲክ ፋሻ ብቻ ከታከሙት ተሽለው ተገኙ። የቁርጭምጭሚት ድጋፍ የተሰጣቸውም እንዲሁ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። በ9ኛው ወር ግን ልዩነቱ ጠፋ። 10 ቀን መሆኑን ልብ በሉ። ለወለምታ ተብሎ ለ6 ሳምንት የሚታሰር ጄሶ ባትን ያሰልላል፣ መገጣጠሚያውንም ያደርቃል።

የእኔ ምርጫ ለአብዛኛው ሰው በጫማ ውስጥ የሚገባ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ነው። እስከ 6 ሳምንት ይደረጋል፤ ኳስ ወይም ሩጫ ላይ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ወራት ቢደረግ ዳግም ወለም ማለትን ይቀንሳል።

ዋናው ሥራ ግን እንቅስቃሴው ነው። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ተቀምጣችሁ በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ ፊደል ጻፉ፤ ከሀ እስከ ፐ። ሲሻላችሁ ግድግዳ ይዛችሁ በጣታችሁ ጫፍ ከፍ ዝቅ በሉ፣ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ኋላ በአንድ። ከዚያ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም ይመጣል። ጥርስ ስትቦርሹ 30 ሰከንድ ቁሙበት። ሲቀላችሁ ዓይን ጨፍናችሁ ሞክሩት፤ እግሩ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ታያላችሁ። ያ መንቀጥቀጥ ቁርጭምጭሚቱ ያለበትን ቦታ በቅጡ እንደማያውቅ ይናገራል። ሕመሙ ጠፋ ብለው ወደ ሜዳ የሚመለሱ ልጆች ደጋግመው ወለም የሚላቸው ይህን ልምምድ ስለሚዘሉት ነው። በእንቅስቃሴው ጊዜ ትንሽ ሕመም ችግር የለውም። በማግስቱ ጠዋት እብጠቱ ከጨመረ ግን አብዝታችኋል፤ ቀነስ አድርጉ።

ወደ ኳስ ወይም ወደ ሩጫ መመለሻው ጊዜ በቀን አይቆጠርም። በተጎዳው እግር ብቻ እንደ ደህናው መዝለል፣ ሮጦ ድንገት መታጠፍና ደረጃ ያለ ፍርሃት መውረድ ከቻላችሁ ደርሷል።

ክኒን፣ ቅባት ወይስ መርፌ?

እኛ ጋ መርፌ ይከበራል። «ዲክሎፌናክ ውጉኝ» ብሎ ክሊኒክ የሚገባ ብዙ ነው። ከክኒኑ ጋር ያው መድኃኒት ነው። ትንሽ ይፈጥን ይሆናል እንጂ ጅማቱን አያድነውም፤ ቂጥ ላይ ያለቦታው ከተወጋ ደግሞ ነርቭ ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት መመሪያ፣ ከወገብ ሕመም ውጭ ላለ ድንገተኛ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳት የመጀመሪያው ምርጫ ቅባት ነው፤ የዲክሎፌናክ ጄልና የመሳሰሉት። ቦታው ላይ ይሠራል፣ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፣ ጨጓራም አይነካም። ቁስል ላይ አይቀባም። ቅባቱ ካልበቃ ፓራሲታሞል ይጨመራል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን በቀን ከ8 አይበልጥም፤ ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብሮ ይቆጠራል። የጉበት ሕመም ካለ ሐኪም ይጠየቅ። ያው መመሪያ ትራማዶል የተባለውን ኃይለኛ ማስታገሻ አይመክርም። ለወለምታ ትራማዶል መዋጥ ሱስ መጋበዝ ነው።

አይቡፕሮፌንና የዲክሎፌናክ ክኒን ይሠራሉ፤ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ከምግብ ጋር። በጾም ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ የሚውል ሰው ጠዋት ባይውጣቸው ይሻላል፤ የጨጓራ ቁስለት ያለበትማ ጨርሶ ይተዋቸው። የኩላሊት ሕመም፣ የልብ ድካም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድና ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም አይንኳቸው። ረጅም ሮጦ ውሃ ያጣ ሯጭም በላዩ ላይ እነዚህን ሲውጥ ኩላሊቱን ይጎዳል።

ቦታው ላይ የሚወጋ፣ እብጠትና ሕመም የሚቀንስ የኮርቲዞን መርፌም አለ። ለክርን ጅማት ሕመም ሲወጉት በሳምንታት ውስጥ ያሽላል፤ ዓመት ሲሞላ ግን ያልተወጉት በተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ። የተረከዝ ጅማት ላይ ከሆነ ጅማቱን ሊበጥስ ስለሚችል እምቢ በሉ።

ጉልበትና ተረከዝ፦ ቀዶ ጥገና ይሻላል?

ጉልበት ላይ ጊዜውን ልብ በሉ። ተጠማዝዞ፣ «ቀጭ» ብሎ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ደም አለ። ብዙውን ጊዜ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል። እብጠቱ በማግስቱ ከመጣና ጉልበቱ የሚቆለፍ ከሆነ ሜኒስከስ ይጠረጠራል።

የመስቀለኛው ጅማት መበጠስ እንደ ፍርድ ይሰማል፤ ብዙ ወጣት «ካልተቀደድኩ አልጫወትም» ይላል። ስዊድን ውስጥ በ121 ወጣቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ሌላ ያሳያል። ግማሾቹ ወዲያው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። 59ኙ መጀመሪያ በእንቅስቃሴ ሕክምና ጀምረው ካስፈለጋቸው ኋላ እንዲቀደዱ ተደረገ። በ2 ዓመት ውስጥ ከ59ኙ 23ቱ ቀዶ ጥገና አስፈለጋቸው፣ በ5 ዓመት 30ዎቹ። የሁለቱ ቡድኖች ጉልበት ሁኔታ ግን ተመሳሳይ ነበር። ግማሽ ያህሉ ቀዶ ጥገናውን ሳያዩ ቀሩ ማለት ነው። ለዚህ እኔ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ እላለሁ። በደንብ ተሠርቶም ጉልበቱ መክዳቱን ካላቆመ ቀዶ ጥገና ይከተላል፤ የጠነከረ ጭን ይዞ መግባቱም ራሱ ይጠቅማል። ጉልበቱ ተቆልፎ የማይዘረጋ ከሆነ ግን ቶሎ የአጥንት ሐኪም ይየው።

በዕድሜ ለመጣ የሜኒስከስ መቀደድ መልሱ ይበልጥ ግልጽ ነው። ፊንላንድ ውስጥ 146 ሰዎች ላይ ግማሾቹ እውነተኛ ቀዶ ጥገና፣ ግማሾቹ መሣሪያ ገብቶ የጉልበታቸው ውስጥ ታይቶ ሜኒስከሱ ግን ሳይነካ የማስመሰያ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። በዓመቱ ልዩነት አልተገኘም።

የተረከዝ ጅማት ሲበጠስ ሰው ከኋላው የተመታ ይመስለዋል፤ ዞር ሲል ማንም የለም። በሆድ ተኝቶ እግሩን ከአልጋው ጠርዝ ውጭ ያንጠልጥል፣ እናንተ ባቱን ጨምቁ። ጤነኛ እግር ወደ ታች ይጎነበሳል። ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሷል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ኖርዌይ ውስጥ 526 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ቀዶ ጥገናንና ያለ ቀዶ ጥገና መታከምን አወዳድሮ በዓመቱ ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል። ያልተቀደዱት 6.2 በመቶ ዳግም ተበጠሰባቸው፣ የተቀደዱት 0.6 በመቶ። የነርቭ ጉዳት ደግሞ በተቀደዱት ላይ በዛ። ያለ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ግን ቶሎ ከተጀመረ፣ እግሩም ጣቱ ወደ ታች ባዘነበለ ጄሶ ወይም ቡት ከተያዘ ነው። ሁለት ሳምንት «ወለምታ ነው» ተብሎ ሲታሽ ለከረመ ሰው ይህ ምርጫ ይጠብበታል።

በነገራችን ላይ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና የዘመዶቹ አንቲባዮቲኮች ይህን ጅማት የማዳከምና የመበጠስ አደጋ አላቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በጥብቅ ያስጠነቅቃል። ሲፕሮን ለሆድ ቁርጠት ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ የምንገዛ ሰዎች ነን። እየወሰዳችሁ ተረከዛችሁ ካመመ ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም አማክሩ።

መመዘኛው የማይሠራላቸው

ልጆች ላይ ጅማቱ ከአጥንቱ ማደጊያ ይበልጥ ጠንካራ ነው። አዋቂን ወለም የሚያደርግ መጠማዘዝ ልጅ ላይ ማደጊያውን ሊሰብር ይችላል፤ ቦታው ደግሞ ራጅ ላይ ሁልጊዜ አይታይም። ልጁ አልራመድም ካለ ወይም አጥንቱ ሲነካ ካለቀሰ ሐኪም ይየው። የሰከረ ሰው ሕመሙን በትክክል አይናገርም። አረጋውያን፣ በተለይ አጥንታቸው የሳሳ እናቶች፣ በትንሽ መውደቅ ይሰበራሉ፤ ወድቀው ታፋቸውን አሟቸው መቆም ካቃታቸው አልጋ ላይ ማስታመም አይገባም።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ተሰብሮም ይራመዳል፣ ቢጫኑትም ላያመው ይችላል። አንድ እግሩ ከሌላው ይልቅ ሞቆ፣ ቀልቶና አብጦ ካገኛችሁት፣ ሕመም ባይኖርም፣ እግሩን እንዳይረግጥ አድርጋችሁ ራጅ አስነሱት። ያንን እግር ማሸትም፣ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍም፣ በረዶ መያዝም አይገባም።